ከጋጣው ሹም እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ

ኮልፌ ውስጥ «አሥር አለቃ» ብሎ የሚጠራኝ ሰው እየሳሳ ነው። ከእኩዮቼ ግማሾቹ ቀራኒዮ መድኃኔዓለም አርፈዋል፤ የቀሩት ደግሞ ማን እንደሆንኩ ለማየት መነጽራቸውን ሲዳብሱ እኔ አልፌያቸው እሄዳለሁ። ጎረምሶቹ «ፋዘር» ይሉኛል። ፋዘር! ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ግቢ፣ በዚያ በኮልፌ ብርድ፣ ጠመንጃ አንግቤ ሌሊቱን ሙሉ የቆምኩት ፋዘር ለመባል ነው? አንዱማ ታክሲ ውስጥ ጠጋ ብሎ፣ «ፋዘር፣ አሥር አለቃ የሚያዘው አሥር ሰው ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ። አሥር ሰው ብቻ! ራሱን አንድ ሰውዬ አዝዞ በጠዋት ከአልጋ ማስነሳት ያቃተው ልጅ እኮ ነው።

ይህንንስ ለምጄው ነበር። አዲሱ ንዴት የመጣው የልጅ ልጄ ፖሊስ ሆና የተመረቀች ዕለት ነው። ዶሮ ተሠራ፣ ድፎ ተደፋ፣ ጎረቤት ተጠራ። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ወይዘሮ ጉርሻቸውን ሳይውጡ «ለመሆኑ ማዕረጓ ምንድን ነው?» አሉ። ደረቴን ነፍቼ «ኮንስታብል» አልኩ። «እሱ የመጨረሻው አይደለም እንዴ? የታችኛው?» አሉና ወደ ወጡ ተመለሱ። በኔ ቤት፣ በኔ ዶሮ!

እውነታቸውን ነው፤ ይህ ነው ያንገበገበኝ። ከኮንስታብል በታች ደረጃ የለም። ከበላዩ ረዳት ሳጅን፣ ምክትል ሳጅን፣ ሳጅን፣ ዋና ሳጅን እየተባለ ይወጣል፤ ኢንስፔክተሩም እንዲሁ ረዳት፣ ምክትልና ዋና ከፊቱ እያስቀደመ ይከተላል፤ ከዚያ ኮማንደር፣ ከዚያ ኮሚሽነር። መሰላሉን ከታች እስከ ላይ ስፈትሸው የተገኘው አማርኛ «ረዳት»፣ «ምክትል»ና «ዋና» ብቻ ነው። ቋንቋችን በገዛ አገሩ በረዳትነት ተቀጠረ ማለት ነው። «ዋና»ንም የሰጡት ቅር እንዳይለው ይመስለኛል።

በእኛ ጊዜ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ ነበር። መቁጠር የቻለ ሕፃን ማን ማንን እንደሚያዝ ያውቃል። ኢንስፔክተር ማለት ትምህርት ቤት የሚመጣ፣ አስተማሪዎቹ የሚንቀጠቀጡለት ሰው ነበር። ኮማንደርም ምጽዋ ነው የሚገኘው፤ ነጭ በነጭ ለብሶ መርከብ ላይ የሚቆም የባሕር ኃይል መኮንን። ዛሬ ባሕሩ ቀርቶ የቧንቧ ውኃ እንኳ በፈረቃ በሚመጣበት በኮልፌ፣ ኮማንደር ሞልቷል። ስለ «ትራፊክ» አታናግሩኝ። የተሽከርካሪ ውር ውር መጠሪያ የነበረው ቃል መንገድ ዳር ቆሞ፣ ፊሽካ ነፍቶ፣ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ሆኗል። «ትራፊክ መጣ!» ሲባል የሚመጣው አንድ ሰው ነው።

ጡረተኛ ቂም ለመያዝ ጊዜ አለው። ማታውኑ ተነሥቼ፣ ዊንጌት ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩና ወፍራሙን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትና ሁለት የታሪክ መጻሕፍት ተዋስኩ። (እስካሁን አልመለስኩለትም፤ ሲጠይቀኝ እንግሊዞች ከመቅደላ የጫኑትን መልሰው ሲጨርሱ እመልስልሃለሁ አልኩት።) አምፖሉ ሥር ተቀምጬ ኮንስታብልን ፈልጌ አገኘሁት። ያገኘሁትን ዶሮ እየበሉ ማዕረግ ለሚያጣጥሉ ሁሉ እነሆ።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። ሥሩ «ኮሜስ ስታቡሊ» ይባላል። ኮሜስ የቄሣር ባለሟል፣ አጃቢ፣ ሹም ነው፤ ስታቡሊ የጋጣ ማለት ነው። በሮማ መንግሥት በስተመጨረሻው ዘመን የቄሣሩን ፈረሶች የሚያስተዳድረው ሹም ይህ ነበር። አሁን መጽሐፉን ክደኑና የገዛ ታሪካችሁን ጠይቁ፤ በእኛ ነገሥታት ቤት የፈረስና የበቅሎው አዛዥ ማን ይባላል? ባልደራስ! አያችሁ? ኮንስታብል ማለት ባልደራስ ማለት ነበር። ይህን ለሰፈሩ ልጆች ባስረዳቸው አንዱ «ኮንዶሚኒየሙ?» አለ፤ ሌላው «ፓርቲው?» አለ። ፈረስ ያለ አንድም አልተገኘ።

ትንሽ ሹመት እንዳትመስላችሁ። እዚህ አገር ጌታ ሁሉ በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ንጉሡ ስሙን ከፈረሱ የሚበደር ከሆነ የፈረሱን ልጓም የጨበጠው ሰው ምን ያህል ቅርብ እንደነበር አስቡት። ንጉሥ የሚሸሸውም የሚያጠቃውም በፈረስ ነው፤ ጋጣው ከተቆለፈ ዙፋኑም አይነቃነቅም።

ፈረንጆቹም ይህን የተረዱት በደንብ ነው። ፈረንሳዮች ቃሉን ወስደው «ኮኔታብል» አሉት። ሰውየው ፈረሱን ሲጠብቅ ፈረሰኛው በእጁ ገባ፤ ፈረሰኛውን ሲያዝ ጦሩ በሙሉ በእጁ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1370 ቤርትራን ዱ ጌስክላን ኮኔታብል ሲባል የፈረንሳይ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሆነ ማለት ነበር። በ1415 አዠንኩር ላይ እንግሊዞች ፈረንሳዮችን ጭቃ ውስጥ ሲያጭዷቸው ከሞቱት መኳንንት አንዱ ኮኔታብሉ ሻርል ዳልብሬ ነው። ሌላው ሻርል፣ የቡርቦኑ፣ ከንጉሡ ጋር በርስት ተጣላና ወደ ጠላት ከዳ፤ በ1527 ሮማን ሊወር ሠራዊት እየመራ ሄዶ ቅጥሩ ሥር ተመትቶ ወደቀ። እሱ ቢወድቅም ጦሩ ከተማዋን ዘረፋት። እንግዲህ ኮንስታብል ብለን የምንጠራው ማዕረግ ባለቤት ሮማን የደፈረ ነበር፤ እመቤት ገንዘብ ያዥ ይህን ልብ ይበሉልኝ። ሹመቱ ከመጠን በላይ ስለ ገዘፈ በ1627፣ በካርዲናል ሪሸልዮ ዘመን፣ ጭራሹኑ ተሻረ። ንጉሥ የሚፈራው ማዕረግ ነበር።

እንግሊዝ አገርም ከፍተኛው ኮንስታብል የንጉሡ ቀኝ እጅ ነበር። የመጨረሻው ቋሚ ባለሹመት የቡኪንግሃም መስፍን ኤድዋርድ ስታፎርድ ሲሆን ሄንሪ ስምንተኛ በ1521 አንገቱን አስቆረጠው። ከዚያ ወዲህ ሹመቱ የሚሰጠው ለንግሥ በዓል ቀን ብቻ ነው። ቻርልስ ሦስተኛ በ2023 ዘውድ ሲጭን አድሚራል ቶኒ ራዳኪን ለዚያች ቀን ከፍተኛው ኮንስታብል ተብሎ ቆመ፤ በማግሥቱ የለም። የአንድ ቀን ማዕረግ! እኛ ጋ ሚዜ እንኳ እስከ መልስ ድረስ ይከበራል።

የጣመኝ ግን የለንደን ግንብ ኮንስታብል ነው። የግንቡ አዛዥ ማለት ነው። የወጉን ዝርዝር ሳነብ ምራቄን ነው የዋጥኩት። በወንዙ ወደ ለንደን የሚወጣ መርከብ ከጫነው ወይን ጠጅ ለእሱ ያወርድለት ነበር። ከለንደን ድልድይ ተንሸራቶ ውኃ የገባ ፈረስ፣ በሬ፣ በግ፣ አሳማ የእሱ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ሥራው ድልድይ ሥር ቆሞ በሬ እስኪወድቅ መጠበቅ! የእኔዋ ኮንስታብል ከጠዋት እስከ ማታ አስፋልት ላይ ቆማ አንድ ስኒ ሻይ ብትቀበል ስሟ ይጠፋል፤ መጥፋትም አለበት። ግን ድሮ ወይን ጠጅ በበርሜል ነበር ብዬ ነግሬያታለሁ፤ መብቷን ትወቅ።

መውረዱ የተጀመረው ከአጥቢያው ነው። በ1285 የወጣው የዊንቸስተር ሕግ በየወረዳው የሰውን መሣሪያ የሚቆጥሩ፣ ጸጥታ የሚያስጠብቁ ኮንስታብሎች እንዲኖሩ አዘዘ። እየዋለ እያደረም በየሰበካው አንድ ኮንስታብል ቆመ። ደሞዝ የለውም። ዳቦ ጋጋሪ ሊሆን ይችላል፣ ጫማ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ ተራው ሲደርስ ለአንድ ዓመት ሌባ ያባርራል፣ ግብር ይሰበስባል፣ ለማኝ ይገርፋል፣ ከጎረቤቱ ሁሉ ይጣላል። ገንዘብ ያለው ሌላ ሰው ቀጥሮ ያመልጣል። ይህን ሳነብ የመጣብኝ የአገር ቤቱ ጭቃ ሹም ነው፤ ሹም ይባላል እንጂ ግብር ላክ፣ መንገደኛ አሳድር፣ ጠፊ አምጣ እየተባለ ከላይም ከታችም የሚረገም። ከላይ ያለው ሲቆጣ በእሱ፣ ከታች ያለው ሲያዝን በእሱ ነው። ሼክስፒር ደግሞ የቀረችውን ክብር ጨረሳት፤ በአንድ ቧልታይ ተውኔቱ ዶግበሪ የሚባል ኮንስታብል አለው፤ ከባባድ ቃላት እየመረጠ ሁሉንም ያለ ቦታቸው የሚሰነቅር። ዛሬ በስብሰባ «ከዚህ አኳያ» ሳይል ትንፋሽ የማይወስደው የኛ ሰው ዘመድ መሆን አለበት።

ከዚያ በ1829 ሮበርት ፒል ለለንደን ደሞዝ የሚከፈለው፣ ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ አቋቋመ፤ ተራውንም ፖሊስ ኮንስታብል አለው። መዝገብ ላይ ቁጥር አንድ ሆኖ የተቀጠረው ዊልያም አትኪንሰን በዚያው በመጀመሪያው ቀን ሰክሮ ተገኝቶ ተባረረ። ቁጥር አንዱ! ይህንን ለልጅቱ አልነገርኳትም፤ ለገንዘብ ያዧም እንዳይደርስ።

በሕግ ግን ዛሬም እንግሊዝ አገር ፖሊስ ሁሉ፣ አለቃውም ጭምር፣ ኮንስታብል ነው፤ በየአውራጃው የፖሊስ የበላይ የሚሆነውም «ዋና ኮንስታብል» ይባላል። ታች ብቻ ያደረጉት ለቅኝ ተገዢው ነው። ሕንድ ሄዱ፣ ኬንያ ሄዱ፣ ኡጋንዳ ሄዱ፤ የአገሬውን ሰው በኮንስታብልነት ቀጠሩ፤ ከበላይ ያለውን ወንበር ለራሳቸው ያዙ። ወደ እኛም የመጡት ያንኑ ሻንጣ አንጠልጥለው ነው። ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ ጥር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል ንጉሡ እንግሊዛዊ የፖሊስ ኮሚሽነርና ኢንስፔክተሮች እንዲሾሙ ተጽፎ ነበር። ነጻ አወጣናችሁ አሉና የማዕረግ መሰላላቸውን ትተውልን ሄዱ። በእኛ ጊዜ በአሥር አለቃና በሃምሳ አለቃ ብንሠራም፣ መሰላሉ ዛሬ ግድግዳችን ላይ ተደግፎ ይገኛል።

ፈረስ ካነሣን አይቀር ማርሻል የሚባለውም ከዚያው ጋጣ የወጣ ነው። በጥንት ጀርመንኛ የፈረስ አሽከር ማለት ነው። አሽከር! እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1965 ለጃንሆይ የክብር ፊልድ ማርሻልነት ሲሰጡ ለአባ ጠቅል የፈረስ አሽከርነት መስጠታቸው ነበር ማለት ነው። እናም ከአንድ ጋጣ የወጡ ሁለት ቃላት አንዱ ከደረት በላይ ሌላው ከመሰላሉ ሥር ቀረ። ዕድል ነው እንጂ ምን ይባላል። ማርሻሉ ፈረሱን ቡሩሽ ሲያደርግ የነበረ ልጅ ነው፤ ኮንስታብሉ የእሱ አለቃ ነበር። አሁን እየው።

ግን የቃል መውረድ ካነሣን የሚያስለቅሰኝ የኛው «ዘበኛ» ነው። ከጣልያን በፊት አዲስ አበባን የሚጠብቀው የአራዳ ዘበኛ ነበር፤ የከተማው ሌባ የሚሸሸው እሱን ነው። ቀጥሎ ክቡር ዘበኛ መጣ። ስሙ ላይ ክቡር ያለበት ጦር! ቃኘው ሻለቃ ተብሎ ኮርያ የዘመተው ከእሱ ተውጣጥቶ ነው። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ መፈንቅለ መንግሥት የሞከረውም እሱ ነው፤ ከአዛዡ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር። አይደግፉት ይሆናል፤ ግን ዘበኛ ማለት ዙፋን የሚነቀንቅ ቃል ነበር። ዛሬ ዘበኛ የት ነው? የሰው ግቢ በር ላይ፣ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ፣ ምሳውን በፌስታል ሰቅሎ። ይቺም በዝታበት ስሙን «ጥበቃ» አሉት፤ ሰሞኑን ደግሞ «ሴኩሪቲ» ሆኗል። ሴኩሪቲው እኔን በየቀኑ እያየ «የት ነዎት ፋዘር?» ይለኛል። ቤቴ ነኝ፣ ልጄ። ከአንተ በር ፊት ለፊት ያለው።

ክቡር ዘበኛ ያመፀ ጊዜ ሙከራውን በማክሸፍ ከተሳተፉት አንዱ የፖሊሱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ናቸው። ፈጥኖ ደራሽን ይመሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ የፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ደግሞ ይኸው የኔው ኮልፌ ነው። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ለወታደራዊ ሥልጠና መጥቶ ያረፈው እዚሁ ነው። ቶክስ፣ ፈንጂ፣ ሞርታር፣ ጋራ ለጋራ ረጅም ጉዞ፤ ኮሎኔሉ ራሳቸው ስለ ጦር ሳይንስ ያስተምሩት ነበር። ስድስት ወር ሊቆይ መጥቶ ሳይጨርስ አገር ቤት ተፈልጎ ተጠራ፤ ኮሎኔሉ ሽጉጥና ጥይት ሸልመው ሸኙት። በሐምሌ መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተያዘ፤ እስር ቤት የቆየው ለ27 ዓመት ነው። ታደሰ ብሩ ጄኔራል ሆኑ፤ ከሜጫና ቱለማ ማኅበር ጋር በተያያዘ ታሰሩ፤ በ1967 ዓ.ም. ደርግ ረሸናቸው። ሠልጣኙ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተቀበረ፤ አሠልጣኙ እንዲህ ቀሩ።

እኔ ኮልፌ የገባሁት ማንዴላ ከሄደ ከዓመታት በኋላ ነው። ይህን በግልጽ የምናገር ብቸኛው የሰፈሩ ሽማግሌ ሳልሆን አልቀርም። ከአጠና ተራ እስከ ሎሚ ሜዳ፣ ዕድሜው የገፋው ሁሉ ማንዴላን አሠልጥኗል። አንዱ መተኮስ አስተምሮታል፣ አንዱ ሽሮ አብልቶታል፣ አንዱ በጥፊ መትቶታል። በጥፊ የመታው ሰውዬ በዚያ ዓመት የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ቁጥራቸውን ስደምረው ማንዴላ እንኳን መሠልጠን መተንፈሻም የሚያገኝ አይመስልም። ማዕረጋቸውን ብትጠይቁ ሁሉም ሻምበል ነበሩ ነው የሚሉት፤ ያ ሁሉ ሻምበል የሚያዘው ተራ ወታደር የት ሄደ? ምናልባት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ስነግራት ስልኳን እያየች «እሺ አባባ» ትላለች። «ኮሜስ ስታቡሊ ነሽ» አልኳት፤ «ደሞዝ ይጨምራል?» አለችኝ። ሮማን የደፈሩ ሰዎች ማዕረግ ነው አልኳት፤ «እኔን አሥራ ስምንት ማዞሪያ መድበውኛል» አለች። ይህ ትውልድ ታሪክ የሚገባው ደሞዝ መክፈያ ወረቀት ላይ ሲጻፍለት ነው።

ሰሞኑን አንድ ማታ አመሸች። ሰማያዊ ልብሷ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እያነከሰች ገባች። ምን ሆንሽ? ጋሪ ሲጎትት ኖሮ ያረጀ፣ ባለቤቱ የጣለው ፈረስ አደባባዩ አጠገብ አስፋልት መሐል ቆሞ አልነቃነቅም ብሏል። እነዚህን ምስኪኖች አይታችኋቸዋል፤ ጉልበታቸው ሲያልቅ መንገድ ላይ ይለቀቃሉ፣ መኪና ሲመጣ እንኳ አይደነግጡም። ታክሲው ከጦር ኃይሎች አቅጣጫ ተደርድሮ ጥሩምባ ይነፋል። ትራፊኩ መጣና አየ፤ «ይህ ተሽከርካሪ አይደለም» ብሎ ሄደ። ሳጅኑ በሬዲዮ ተጠየቀ፤ «ኮንስታብሏ ታስነሣው» አለ። ገመድ ከአንዱ ወዛደር ተውሳ፣ ግንባሩን እያሻሸች፣ እየለመነች፣ እየጎተተች ዳር አወጣችው። ሲጨርስ እግሯን ረገጣት።

እኔ ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሣሁ። «አላልኩሽም? ሹመቱ ራሱ እኮ ነው! ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በኋላ ኮንስታብል ወደ ፈረሱ ተመለሰ! በየትኛው በኩል ነው ልጓሙን የያዝሽው? በግራ ነው መያዝ ያለብሽ፤ ባልደራስ በቀኝ አይዝም፤ አዠንኩር ላይ…»

«አባባ» አለችኝ፣ ጫማዋን እየፈታች። «ልጓም የለውም። ተነሥና ውኃ አሙቅልኝ።»

አሥር አለቃ የነበርኩ ሰውዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ተነሥቼ ውኃ ጣድኩ። ጨው ጨምርበት አለች፤ ጨመርኩ። በአገልግሎት ዘመኔ ከኮንስታብል ትእዛዝ ተቀብዬ አላውቅም ነበር።